የሚያፏጨው ቱቦ

መካኒኩ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፉ ሁለት ቱርቦዎች ያሏት መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል ተብላ የመጣች ናት። ታናሽ ወንድሙ መሪው ጋ ተቀምጦ ነዳጅ ሲሰጥ፣ የሁለተኛው ቱርቦ የጎማ ቱቦ ማፏጨት ጀመረ።

«አገኘኋት! አጥፋው!»

ሞተሩ ጠፋ፤ ፉጨቱ ግን አልቆመም። መካኒኩ ግር ብሎት የቱቦውን ስንጥቅ በመዳፉ ቢደፍነው፣ ቱቦው እጁን ስቦ ያዘው።

«ቁልፉን አልነቀልከውም እንዴ?»

«ይኸው በእጄ ነው፣ ጋሼ። ምነው?»

«እጄን ያዘኝ! ናማ ሳበኝ!»

ወንድሙ እየተጣደፈ ወረደ፤ ጫማው ከጎማው አጠገብ ታየ። ያን ጊዜ ከቱቦው ውስጥ የመካኒኩ የራሱ ድምፅ ዘና ብሎ፣ «ተወው፣ ስቀልድ ነው። አስነሳው» አለ።

«ክው አደረግከኝ እኮ!» ወንድሙ እየሳቀ ተመልሶ ገባ።

መካኒኩ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልነበረውም።