አንዲት ጠብታ

ዩኒቨርሲቲው ኬሚካል ካጣ ሰንብቷል። በቤተ ሙከራው አሲዱም ቤዙም የቧንቧ ውሃ ነው፤ ተማሪው አንዱን በሌላው ላይ እያንጠባጠበ፣ አሲድና ቤዝ ሲመጣጠኑ እንደሚሆነው «ሮዝ ሆነ» ይላል፣ መምህሩም ማርክ ይሰጣሉ።

ተመራቂዋ ይህን የመጨረሻ ፈተና ካላለፈች ከጓደኞቿ ጋር ጋውን አትለብስም። ውሃውን ውሃው ላይ አንጠባጠበችና፣ «ሮዝ ሆነ፣ ዶክተር» አለች።

ዶክተር ምሕረተአብ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ምኑ ነው ሮዝ? ደም መሰለ እኮ! አንዲት ጠብታ አብዝተሻል፤ ወድቀሻል።»

«ኧረ በእናትዎ፣ ዶክተር! እጄ ተንቀጥቅጦ ነው። አንዴ ልድገመው።»

ከልባቸው አዘኑላት። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠበቅ አድርገው ዘጉና፣ «በምን ትደግሚዋለሽ፣ ልጄ?» አሉ። «አሲዱ አልቋል።»