የትናንቱ ቁጥር

አዋላጇ ሕፃኑን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኛችው። ቆዳው በጓንቷ ሥር እንደ ረጠበ ወረቀት ይላጣል፤ የራስ ቅሉ አጥንቶች ተላቅቀው ተደራርበዋል። ሃያ ዓመት ያየችው ነገር ነውና ቀኑን ለመገመት አልተቸገረችም፦ ማሕፀን ውስጥ ከሞተ ሳምንት አልፎታል።

መዝገቡን ስትገልጥ ግን ክው አለች። ትናንት፣ በገዛ እጅ ጽሑፏ፦ «የፅንሱ የልብ ምት፣ መቶ አርባ ሁለት።»

በፍርሃት የሚሮጠውን የእናትየዋን ምት ቆጥሬ ይሆናል ብላ ራሷን ረገመች። የሙያው የታወቀ ስሕተት ነው፤ ሆድ ሲደመጥ የእናት እጅ አንጓ የሚያዘውም ለዚሁ ነው።

«ሲስተር፣» አለች እናትየዋ ከአልጋዋ፣ «በናትሽ አንዴ አዳምጪው። አሁንም እየረገጠኝ ነው።»

«የኔ እህት፣ ወልደሻል እኮ። የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ሌላ ልጅ የለም።»

«አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ። ግን አዳምጪው፤ እግርሽ ላይ ልውደቅልሽ።»

እምቢ ለማለት አንጀቷ አልጨክን አለ። የእንጨት ማዳመጫውን የሟሸሸው ሆድ ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን ደፋችበት። ዳግም እንዳትሳሳት የእናትየዋን አንጓ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከጣቶቿ ሥር ያለው ምት ቀስ ያለ፣ የደከመ ነበር።

ጆሮዋ ውስጥ ያለው ግን ይሮጣል።

የግድግዳውን ሰዓት እያየች መቁጠር ጀመረች።

«አለ አይደል?» አለች እናትየዋ። «አለ በይኝ።»

አዋላጇ ቀና አላለችም። ደቂቃው ሲሞላ ከንፈሯ መቶ አርባ ሁለት ላይ ቆመ።