ወልደ ሩፋኤል የሚባል ሰው

«ለሰው አንድ ስም ይበቃዋል» ይሉ ነበር የዘመድኩን አባት፣ አቶ ተካ። ማዕረግ ለሚያበዛ ሹምም፣ ቅጽል ለሚያወጣ ጎረምሳም ይህንኑ ነው የሚሉት። ወንጌል የተቀበሉት ዘመድኩን ገና ሲድህ ነው። በዚያው ቀን ቤት ውስጥ የተገኘውን ማተብ ሁሉ በጥሰው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ትልቁ ልጃቸው ብርሃኑ ግን ቡኢ፣ አያቱ ዘንድ ነበርና በኦርቶዶክስነቱ ቀረ። ኋላ ጀርመን ገባ፤ እዚያም «ቤን» ተባለ።

ዘመድኩን ወንድሙን ይንቀዋል። ቤቱን ግን አልናቀውም። ብርሃኑ ቡታጅራ ባሠራው ግቢ ውስጥ እንጨት ቤት ከፍቶ፣ ያለ ኪራይ በርና ቁም ሳጥን ይሠራል።

ብርሃኑ በደወለ ቁጥር ስንብቱ አንድ ነው፦ «ስምህን እየጠራሁ እጸልይልሃለሁ።»

«በሻማ ነዋ!» ይላል ዘመድኩን፤ ስልኩን ዘግቶም ከሠራተኞቹ ጋር ይስቃል።

ግቢውን የምትጠብቀው ምሥራቅ የምትባል ሴት ናት። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ትኖራለች፤ በርበሬ እየቀነጠሰች ትሸጣለች። ወልቂጤ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አላት። አባቱን አገር አያውቀውም።

ብርሃኑ በድንገት ሞተ። ሴት ልጁ አባቷ በገዛ እጁ የጻፈውን ኑዛዜ በጠበቃ ላከችው። ጀርመን ያለው ንብረት ለእሷ ነው። ስለ ቡታጅራው የጻፈው አጭር ነው፦ «ቤቱ ለወልደ ሩፋኤል ይሁን።»

ዘመድኩን ጠበቃው አንብቦ ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሰርቪሱ ሄደ።

«ወልደ ሩፋኤል ማነው?»

«እኔ በምን አውቄ፣ ጋሼ?»

«ልጅሽ ከወንድሜ ነው አይደል የተወለደው?»

«ኧረ በስመአብ! የኔ ልጅ ሀብተጊዮርጊስ ነው፤ ያውቁት የለ እንዴ?»

«ለግቢ ሲባል ስም መለወጥ ምን ይከብዳል! በርበሬ ቀንጣሽ ሁላ!»

«የተናገሩትን እግዚአብሔር ይስማው» አለች፤ በርበሬዋን ወደ መቀንጠስ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን አልተቀበለም። በየጸሎት ቡድኑ እየዞረ፣ የሰው ርስት ሊውጥ የተነሣ መንፈስ አለ ብሎ አስጸለየባት። ራሱም ጾመባት። የሰፈሩ ሰው ከእሷ መግዛት ሲተው፣ ፍራሿን ሚኒባስ ላይ አስጭና ወልቂጤ ልጇ ዘንድ ሄደች።

«አያችሁ? የተነቃበት ሌባ እንዲህ ነው» አለ።

ፍርድ ቤቱ ወልደ ሩፋኤል ነኝ የሚል ይቅረብ ብሎ ማስታወቂያ አስነገረ። ማንም አልመጣም።

ዘመድኩን ሐሳቡ ያለቀ ነው። «የወንድሜ ልጅ ትውረሰው። አማርኛ አትችል፣ ቡታጅራን አይታ አታውቅ። ያው ጠባቂው እኔው ነኝ» ይላል። ዳኛዋ ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ፦

«ወልደ ሩፋኤል የሚባል ሰው በዘራችን የለም፤ ኖሮም አያውቅም።»

ቤቱ ለልጅቱ ተፈረደ። ልጅቱም በወኪል ለአንድ ሆቴል ሠሪ ሸጠችው። የአጎቷን ስልክ አላነሣችም።

ዘመድኩን ጣውላውን ጋሪ ላይ ሲጭን፣ አይቷቸው የማያውቃቸው አንድ ያረጁ ቄስ ከግቢው በር ቆሙ። የብርሃኑን መርዶ ዘግይተው ሰምተው፣ ከቡኢ ለቅሶ ሊደርሱ መምጣታቸውን ነገሩት። መስቀላቸውን ሲያወጡ ዘመድኩን ላለመሳለም ብሎ በሁለት እጁ ጣውላ አነሣ።

«የተካ የትኛው ልጅ ነህ?»

«ታናሹ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ከዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

«አዬ ወልደ ሩፋኤል! ሳጠምቅህ ጢሜን ይዘህ አልለቅም ያልከው፣ ይኸው አንተም ሸበትክ!»