የቅዳሜ ርክክብ

ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር ጠበቃዋ ቢሮ ውስጥ ጦርነት ይነሳል። ጦርነቱን የምታስነሳው ገና የወተት ጥርሷን እየቀየረች ያለች አንዲት ልጅ ናት። የቀሯት ጥርሶች ግን ለአባቷ እጅ በቂ ነበሩ።

ወላጆቿ የፍቺ ክርክር ላይ ናቸው። ብቻቸውን ሲገናኙ እሳትና ጭድ ስለሆኑ፣ ልጅቷን የሚረካከቡት በእናትየው ጠበቃ ቢሮ፣ በሰው ፊት እንዲሆን ፍርድ ቤት አዟል። አባትየው ጠዋት ይወስዳታል፣ አመሻሽ ላይ ይመልሳታል። ጡት ያልጣለው ወንድሟ ግን ከእናቱ አይለይም።

ጠበቃዋ በሰው ትዳር ፍርስራሽ ውስጥ ስትመላለስ ፀጉሯን ያሸበተች ሴት ናት። አንድ የማትጥሰው ደንብ አላት፤ ልጅ አትጠይቅም።

«ልጅ የሚናገረው ያስጠኑትን ነው» ትላለች። «ማንን እንደሚሸሽ ማየት ይበቃል።»

ደንቡን ያወጣችው ልቧ ከተሰበረ በኋላ ነው። ድሮ አንዲት ሕፃን «አባዬ ጥሩ ነው» ስላለቻት ብቻ ለአባቷ እንድትሰጥ ተስማማች። ብዙም ሳይቆይ የሕፃኗን አስከሬን እንድትለይ ተጠራች። ይህችኛዋን ልጅ እንኳን ለገዳይ አሳልፋ እንደማትሰጥ ለራሷ ምላለች።

አመሻሽ ላይ ከአባቷ ስትመለስ ልጅቷ ሌላ ሰው ትሆናለች። እናቷን በአጠገቧ አልፋ ወደ ሕፃኑ ትሮጣለች፤ ልብሱን ገልጣ ሆዱን፣ ጀርባውን፣ ውስጥ እግሩን ሳይቀር ታያለች። አንዴ ግንባሩ አብጦ ጠበቃት።

«ከአልጋ ወድቆብኝ» አለች እናትየው።

ልጅቷ እብጠቱን እፍ እፍ እያለች አለቀሰች። የጠበቃዋን አንጀት በላችው። እህት ካሉ እንዲህ ናት፣ አለች ጠበቃዋ በሆዷ።

የመጨረሻው ቅዳሜ እንደሌሎቹ ነበር የጀመረው። አባትየው በሩ ላይ ብቅ ሲል ልጅቷ የጠረጴዛውን እግር አንቃ ያዘች። ሰውየው በያጅ ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፣ እጁ በብየዳ ፍንጣሪ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል።

«ነይ የኔ እናት፣ እንሂድ» አላት።

«አልሄድም! አልሄድም አልኩ!»

ሊያነሳት ጎንበስ ሲል አውራ ጣቱን ነከሰችው። ደም እስኪፈስ አልለቀቀችውም። በሌላ እጁ ወገቧን ይዞ ሲያነሳት ፊቱን ቧጨረችው፣ ሆዱን በእርግጫ ነረተችው። በዚህ መሃል ሸሚዟ ተገልቦ ጀርባዋ ታየ። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ሰንበር በሰንበር ነው፤ ገና ትኩስ፣ ገና ቀይ።

ሰውየው አስቀመጣት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸ። «ልጄን ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

መልስ አልጠበቀም። የበሩን መስታወት በቡጢ አደቀቀው። ወንበር አንስቶ ከግድግዳው ጋር ሲያላትመው የወንበሩ እግር ተገንጥሎ ጩኸት ሰምቶ የገባውን የሕንፃውን ዘበኛ ግንባር ፈነከተው። ዘበኛው ደሙን እየጠረገ ከኋላ ጥምጥም አለበት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓይን የለሽም?» ብሎ ጠበቃዋ ላይ አፈጠጠ። ከጣቶቹ መሃል ስብርባሪ መስታወት ይታያል።

ጠበቃዋ ቅንጣት አልራራችለትም። ራሳቸው ደብድበው ራሳቸው ኡኡ የሚሉ ወንዶችን አይታ ጠግባለች። ስልኳን አንስታ ፖሊስ ጠራች።

እናትየው ጥግ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። ስታወራ ጆሮ አስጠግተው የሚያዳምጧት፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት።

«ያለፈው ቅዳሜ ሥራው ነው» አለች። «እንግዲህ በዓይንዎ አዩት አይደል፣ እትዬ?»

ያ ሁሉ መስታወት ሲረግፍ ሕፃኑ ትንፍሽ አላለም።

አባትየውን በካቴና ይዘውት ሄዱ። ልጅቷ ወዲያው ዝም አለች፤ ወንድሟን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ችሎት ላይ ጠበቃዋ እሳት ጎርሳ ቆመች። የበሩን ነገር አነሳች፣ የዘበኛውን ግንባር አነሳች፣ በመጨረሻም ወደ አባትየው አውራ ጣት ጠቆመች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሚሳሳላትን አባት እንዲህ የምትነክስ ልጅ የት አለች?»

አባትየው አግዳሚውን ተሻግሮ ጠበቃዋ ላይ ዘለለ። ሁለት ፖሊሶች ሳይደርስባት ያዙት፤ አንዱ ጉልበቱን በዱላ መታው፣ ሌላው ፊቱን ከወለሉ ጋር አጣበቀው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም እየተፋ፣ «ልጆቼን! ልጆቼን!» ይላል። ማንም አልሰማውም።

ልጆቹ እናታቸው ዘንድ እንዲያድጉ፣ አባትየው ቀለብ እንዲከፍል፣ የቅዳሜው ርክክብም ከዚያች ቀን ጀምሮ እንዲቀር ተወሰነ። ጠበቃዋ እንባዋ መጣ። ያቺ የሞተችው ሕፃን ይቅር ያለቻት መሰላት።

ስትወጣ ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ወንድሟን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፈገግ ብላለች። ስትስቅ አይታት አታውቅም ነበር። እናትየው ታክሲ ልትጠራ ወጣ ብላለች። ጉዳዩ ተዘግቷልና ደንብ ቢጣስ ምን አለበት? ጠበቃዋ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

«የኔ ቆንጆ፣ ከእንግዲህ አባትሽ አይወስድሽም። በጣም ነበር አይደል የምትፈሪው?»

«አባዬን?» ልጅቷ በመገረም አየቻት። «አልፈራውም። እወደዋለሁ እኮ።»

ከዚያ የእናቷ ኮቴ ሲቃረብ ሰማች፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ድምጿን ቀነሰች።

«እኔ ስሄድ ግን እማዬ የምትመታው እሱን ነው።»