ሳትጎርስ ተናገር

ቅዳሜ ጠዋት ንግስትና የባሏ ታናሽ ወንድም ንጋቱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ሊያድሱት የታሰበውን የአንድ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ለክተው ወደ ላይ ወጡ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ኮንትራክተሩ ንጋቱ፣ ሂሳብ ያዧ እሷ ነበሩ። ቤት የሚያድሰው ካምፓኒያቸው አንድ ተጨማሪ ኪሳራ የሚችልበት አቅም አልነበረውም።

የቤቱ እመቤት እማማ ብሩክታይት ፍርፍር አቅርበው ጠበቋቸው። ንግስት ስጋት ገባት። ባሏ ሰው ቤት ከበላ በኋላ ትክክለኛውን ዋጋ መጥራት አይችልም ነበር፤ አንድ ጉርሻ ከተቀበለ የራሱን ድካም ከሂሳቡ ያወጣው ነበር። «ሳትጎርስ ተናገር» እያለች ስትመክረው ኖራለች።

«በሞቴ፣ መጀመሪያ ቅመስ። ዋጋው የት ይሄዳል?» አሉ እማማ፣ ጉርሻውን ወደ ንጋቱ አፍ እየዘረጉ።

ንጋቱ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አቆመው። «እማማ፣ ይቺን ከጎረስኩ በነጻ ልሠራልዎት ነው። ዋጋውን ልንገርዎትና ያጎርሱኛል።» የዕቃውን፣ የሠራተኛውን፣ የራሱንም ትርፍ ጨምሮ ምንም ሳይቀንስ ተናገረ።

እማማ ሳቁ። «ኩሽናዬን የሠራልኝ ወንድምህ እንዲህ ጨካኝ አልነበረም። ይሁን፣ ሰኞ ጀምር» ብለው አጎረሱት።

ንግስት በንጋቱ ኮራች። ወደሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ ሲመለሱ ግን መኪናው ጸጥ አለባት። ድሮ ከእንዲህ ያለ ቤት ሲወጡ መንገዱን ሙሉ ባሏን ስትቆጣው፣ እሱ «ምግቡ ግን አይጣፍጥም ነበር?» ይላት ነበር። አሁን የምትቆጣው ሰው አልነበረም።