ኢኳላይዘሩን በራሱ ጆሮ የማያስተካክለው ኢዘዲን

«ወንድሜ፣ እናቴ መዝሙር ስትሰማ ከበሮው ብቻ ነው የሚሰማት… ‹ቃሉ አይለይልኝም› ትላለች። ዛሬ ረጅም መንገድ አለብን፣ እባክህ አስተካክልልኝ።»

ይህን ያለው ታዲዎስ የሚባል ጎልማሳ ነው።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ከባምቢስ ወረድ ብላ ያለች፣ የመኪና ቴፕ የሚገጠምባት ጠባብ ሱቅ በር ላይ።

እኔም የሄድኩት ለዚያው ነበር… ቤዝ፣ ያን ወፍራሙን ድምፅ፣ ላስጨምር። አዎ፣ ሰፈር ከሚረብሹት አንዱ እኔ ነኝ። ስድባችሁን ከወዲሁ ተቀብያለሁ።

የሱቁ ባለቤት ኢዘዲን «መንገደኛ ይቅደም» ብሎ ተራዬን ለታዲዎስ ሰጠው። ምን እዋሻችኋለሁ፣ ትንሽ ተናድጃለሁ።

ቴፑን ነካክቶ ቶሎ ይጨርሳል ብዬ ስጠብቅ…

«መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚያዳምጠው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እናቴ ናት አልኩህ እኮ።»

«እንግዲያው እሳቸው ጋቢና ይቀመጡ። እኔ በራሴ ጆሮ አላስተካክልም። የሚያዳምጠው ሰው ሳይኖር ኢኳላይዘር፣ የድምፅ ማስተካከያውን፣ አልነካም።»

እናትየው፣ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ከኋላ ወርደው ቀስ እያሉ ወደ ጋቢና ዞሩ።

እሳቸው ሲነሱ ሁለት ሻንጣና የተጠቀለለ ፍራሽ አየሁ።

«ቤት እየቀየራችሁ ነው እንዴ?» አልኩት ታዲዎስን።

ወደ ዳር ወሰደኝ።

«ደብረ ብርሃን እህቷ ጋ ላደርሳት ነው… በቃ፣ እዛው ልትኖር።»

ለካ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ እናቱ እሱ ቤት ገብተው ነበር። ከሚስቱ ከሰብሊ ጋር ግን ዓመት ሙሉ አልተግባቡም።

«ሰብሊ ‹እንደምን አደሩ› ትላታለች… ዝም። ‹ምሳ ላቅርብ?› ትላታለች… ዝም! እኔ ስጠራት ግን ካለችበት ‹ወዬ› ትለኛለች። ትናንት ሰብሊ ‹ጆሯቸው ደህና ነው፣ የናቁት እኔን ነው› ብላ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። እናቴም ‹እኔ ልሂድላችሁ› አለች… ምን ላድርግ?»

በልቤ «አይ አማት!» ብያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚህ መሃል ኢዘዲን ሥራውን ጀምሯል።

ቤዙን ቀነሰ። «አሁንስ እማማ?»

«ከበሮው ቀለል አለ… ቃሉ ግን ያው ነው ልጄ።»

ትሬብሉን፣ ማለቴ ቀጭኑን ድምፅ፣ ከፍ አደረገ። «አሁንስ?»

«ያው ነው።»

ጨመረ… ያው ነው። አሁንም ጨመረ…

ኧረ እኛ ጆሯችንን ያዝን! ጎን ያለው መለዋወጫ ዕቃ ሻጭ «ኢዙ፣ ልታደነቁረን ነው?» ብሎ ጮኸ።

ወይዘሮ ጀማነሽ ግን ፊታቸው በራ።

«እንዲህ ነው እንጂ! አሁን እያንዳንዱ ቃል ገባኝ!» ብለው አብረው መዘመር ጀመሩ።

ታዲዎስ «ተባረክ» ብሎ ሞተር ሊያስነሳ ሲል ኢዘዲን ቴፑን ዘጋው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቅር እንዳይልህ… ቤት ውስጥ ሴት ወይም ልጅ ሲያናግራቸው አይመልሱም አይደል? አንተን ግን ይሰሙሃል?»

ታዲዎስ ዞሮ እኔን ገላመጠኝ። ያወራሁበት መሰለው!

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ አሁን አብረን አየነው እኮ። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማሉ፣ ቀጭኑ ነው የሚጠፋባቸው። የአንተ ድምፅ ወፍራም ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የጆሮ ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። ግን ሃያ ዓመት ስንቱን ትልቅ ሰው እዚህ ጋቢና አስቀምጬ አይቻለሁ…»

ታዲዎስ ቴፑን መልሶ ከፈተው።

ከዚያ ስልኩን በብሉቱዝ ከቴፑ ጋር አገናኝቶ ሰብሊ ጋ ደወለ።

«ሰብሊ… እማዬን አንዴ አናግሪያት። ስለኔ ብለሽ።»

ከስፒከሩ የተከፋ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እንደማይመልሱልኝ እያወቅክ… እሺ። እማማ፣ በሰላም ይግቡ።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አሉ።

«ማናት ይቺ?»

«ሰብሊ ናት እማዬ።»

«ሰብሊ? የኛዋ ሰብሊ?» አሉ። «ውይ ልጄ… ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ? እኔ እኮ ስታልፊ ስታገድሚ የምታጉረመርሚብኝ ነበር የሚመስለኝ። ጠልታኛለች ብዬ፣ ክፉ እንዳልናገርሽ ፊቴን ሳዞር ከረምኩ…»

ከስልኩ ውስጥ ለቅሶ ተሰማ።

«እማማ… እኔ እኮ ‹ምሳ ላቅርብ› ነበር የምለው…»

በሩ ላይ የቆምን ሁሉ ለመተያየት አፈርን። ያ ሲጮህ የነበረው ሻጭ እንኳን ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። እኔም… በቃ ተዉኝ።

ታዲዎስ መኪናውን አዙሮ እናቱን ወደ ቤት ይዟቸው ተመለሰ።

ኢዘዲን ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ «ና፣ ተራህ ነው» አለኝ። የሰው ትዳርና የሰው እናት እንዳተረፈ የሚያውቅም አይመስል! እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ስንት አለ?

ወዳጆቼ… እኔ ዳር ቆሜ በሁለት ደቂቃ ወሬ ወይዘሮ ጀማነሽ ላይ ፈርጄ ነበር። እሱ ግን ጋቢና አስቀምጦ «አሁንስ?» እያለ ጠየቃቸው። ትምህርቱ ይኸው ነው… «ናቀኝ» ብለን ከማኩረፋችን በፊት «ሰምቶኛል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

እናንተስ… «ሆን ብሎ ነው» ብላችሁ ዓመት ያኮረፋችሁት፣ ኋላ ግን ጭራሽ እንዳልሰማችሁ ያወቃችሁት ሰው አለ? ያን ቀን ምን አላችሁት? እስቲ ኮመንት ላይ አጫውቱን።