ድር የማታደራዋ

ወሰንየለሽ ብልቃጡን አማቷ ፊት አስቀመጠችና ለሦስተኛ ጊዜ፣ «ይቺ እኮ ሸረሪት አይደለችም» አለች። መቀመጥ አልቻለችም፤ አንድ እግሯ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ደጅ ነው። ገበያው ዳር ድንች የሚጭነው ካሚዮን ጭኖ እንደጨረሰ አምቦ ይወርዳል። ከጎጆ ከተማ ሌላ መኪና የሚገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ባሏ ደግፌ መደቡ ላይ ተጋድሟል። ከግንባሩ የጀመረው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ዛሬ ጠዋት ግራ ዓይኑን ደፍኖ አፍንጫው ጫፍ ደርሷል። ዓይኑ ሊጠፋ ነው፤ ለእሷ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነበር።

ወይዘሮ ኡርጌ ግን ልጄ ከቤት አይወጣም ብለዋል። ሸረሪት ሸንታበታለች፤ ተከሳሿም አሁን ከራስጌው ተይዛ ብልቃጥ ገብታለች፤ ቅጠል ቀጥቅጠው የሚቀቡት ሴትዮ ነገ ከእንጭኒ ይመጣሉ። አለቀ።

«እስቲ ይዩዋት። ሸረሪት ወገብ አላት፤ የዚች ገላ አንድ ፍሬ ነው፣ እንደ ምስር። ድር አታደራ፣ መርዝ የላት። ሲይዟት እግሯን ጥላ ማምለጥ ነው የምታውቀው።» የተጣለው ረጅም እግር ብልቃጡ ውስጥ ብቻውን ይፈራገጥ ነበር።

ወይዘሮ ኡርጌ ጎንበስ ብለው አዩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ አልክድም። እሺ፣ እሷ ካልሸናችበት ምን ነካው?»

ወሰንየለሽ ስምንት ዓመት ሳይንስ አስተምራለች፤ የባሏን ፊት የበላው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ካሚዮኑ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰማች።

«ሸንታበታለች» አለች። «እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው የደበቅሁዎት። ይቺ ድር የማታደራዋ ከሸናች ቅጠል አይመልሰውም። መድኃኒቷ ያለው አምቦ ሆስፒታል ብቻ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ያስለፈልፍሻል? ልጄን ልትገድይው ነው?» አሉና ብድግ ብለው ጋቢውን አከናነቡት። መንገድ መሐል ቆመው ካሚዮኑን ያስቆሙትም እሳቸው ናቸው።

ጋቢና ውስጥ ደግፌ ራሱን ሚስቱ ትከሻ ላይ ጣለ። በዚያ ቤት ቃሏን ሳይጠራጠር የሚቀበላት እሱ ብቻ ነው።

«እውነት እሷ ናት?» አላት በቀስታ። «መድኃኒት ካላት ዓይኔ ይድናል ማለት ነው?»

ወሰንየለሽ አቧራ እንዳይነካው ነጠላዋን ፊቱ ላይ ሳበችለትና፣ «አዎ» አለችው።